«እዚህ» የት ነው?

«የት ነህ?»
«እዚህ ነኝ።»
«እዚህ የት?»
«እዚህ ነዋ፣ ፒያሳ!»

ደሴ ፒያሳ ላይ በቀን ስንት ሰው በስልክ እንዲህ እንደሚባባል አንድዬ ይወቀው። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ሰውየው በእርግጥም እዚህ ነው። ችግሩ ማንም ሰው የትም ቢሄድ እዚህ መሆኑ ነው። ጦሳ ተራራ ማንም ቢጠራው፣ ከየትም ቢጠራው ያው ጦሳ ነው። «እዚህ» ግን አፉን የከፈተውን ሰው እየተከተለ ይዞራል። ስለዚህ ጠያቂው የተናጋሪውን ቦታ ካላየ ቃሉ ባዶ ነው።

«ይህ»፣ «ያ»፣ «እዚህ»፣ «እዚያ» በትምህርት ቤት ሰዋስው አመልካች ይባላሉ። እስካሁን በተጠኑት ቋንቋዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መልክ ተገኝተዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ቢዩለር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ዋናውን ነጥብ አስቀምጦታል፦ የእነዚህ ቃላት መነሻ «እኔ፣ እዚህ፣ አሁን» ነው። መነሻውን ካላወቅህ አቅጣጫው አይገባህም። በስልክ የሚጠፋውም ይኸው መነሻ ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ሱቅ ውስጥ ነው። ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሳሙና ትጠይቃለች እንበል።

«ጋሼ፣ ያንን ሳሙና ይስጡኝ።»
«ይሄን?»
«አይ፣ ያንን። ከሱ በላይ ያለውን።»
«ይሄን ነው?»
«አዎ፣ እሱን።»

አንዱ ሳሙና ለልጅቷ «ያ» ነው፤ ለባለሱቁ «ይሄ» ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችውን አስተውሉ። ነገሩ ከተለየ በኋላ «ያንን» ማለቷን ትታ «እሱን» አለች። ሳሙናው አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም። የተለወጠው የባለሱቁ ዓይን ነው፤ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ አሁን እሱ ላይ አርፏል። ይቺን የዓይን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩ። ሆልገር ዲሰል የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ 234 ቋንቋዎችን አወዳድሮ፣ አመልካቾቻቸው ርቀትን በስንት ደረጃ እንደሚከፍሉ ቆጥሯል። እንደኛ «ይህ» እና «ያ» ብለው ለሁለት የሚከፍሉት 127 ናቸው። ሦስት ደረጃ ያላቸው 88፣ አራት ያላቸው 8፣ አምስትና ከዚያ በላይ ያላቸው 4 ብቻ። የቀሩት 7 በርቀት ጭራሽ አይለዩም። ፈረንሳይኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ሴት ሜዞን» ሲባል «ይህ ቤት»ም «ያ ቤት»ም ሊሆን ይችላል። መለየት ካስፈለገ ከኋላው «ሲ» ወይም «ላ» ይጨመርበታል።

ስለዚህ አማርኛ ከብዙኃኑ ጋር ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ከሚሴ ስትደርሱ የምትሰሙት ኦሮምኛም እንደዚሁ ባለ ሁለት ነው፤ «ኩን» ይህ፣ «ሱን» ያ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ የሚገበያይ ሰው ቃሉን ይለውጣል እንጂ ርቀቱን እንደ አዲስ መክፈል አይጠበቅበትም። ወደ ሱማልኛ ከተሻገረ ግን ክፍፍሉ ከሁለት ይበልጥበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ይህ» ለቅርብ፣ «ያ» ለሩቅ ተብሎ ሲነገር ሜትር ያለ ይመስላል። የለም። ገጠር መንገድ ወጥቶ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። «አባባ፣ ቀበሌው ሩቅ ነው?» «ኧረ እዚችው ናት!» ከዚያ አንድ ሰዓት ትሄዳለህ፤ ሌላ ሰው ታገኛለህ፤ እሱም «እዚችው ናት» ይልሃል። ከተሜው ተታለልኩ ብሎ ይናደዳል። ሰውየው ግን አልዋሸም። የለካው በራሱ እግር ነው፤ ለእሱ ደርሶ መመለስ ምንም ነው። «እዚችው» የምትለው ቃልም የአካሄዱን ቅለት እንጂ የመሬቱን ርዝመት አትናገርም።

ይህ የእኛ ገበሬ ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ29 ቋንቋዎች ከ800 በላይ ተናጋሪዎችን ፈትኗል። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ከተናጋሪው በተለያየ ርቀት ይቀመጣል፤ ሰውየው በቋንቋው ያመለክተዋል። በተፈተኑት ቋንቋዎች ሁሉ የቃል ምርጫው ከአንድ ነገር ጋር ተያይዞ ተገኘ፦ እጅ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም? «ይህ» የሚባለው ልይዘው የምችለው ነው። «ያ» ደግሞ ካልተነሳሁ ወይም ሰው ካላቀበለኝ የማላገኘው። እንግዲህ የመደርደሪያው ሳሙና «ያ» የሆነው ሩቅ ሆኖ ሳይሆን ባንኮኒው መሐል ስለገባ ነው ማለት ነው።

ሦስት ደረጃ ያላቸው ቋንቋዎችስ ሦስተኛውን ለምን ያውሉታል? «ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ» ብሎ መገመት ይቀናል። አንዳንዶቹ እውነትም እንደዚያ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ሌላ ሥራ ሰጥተውታል፦ የአድማጩ ቦታ።

ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንዲት ሠራተኛ ደሴ ላለች እናቷ ትደውላለች።

«እማ፣ እዛ ዘነበ?»
«ኧረ እዚህስ ጉሙ ዓይን አያሳይም። እዛስ?»
«እዚህማ ፀሐይ ነው።»

ሁለቱም «እዛ» አሉ፤ ሁለቱም የሌላኛዋን ቦታ ነው ያሉት። እስካሁን ችግር የለም። ቀጥሎ እናት «እዛስ ደህና ናቸው?» ብትል ግን ልጅቷ ትቸገራለች። የትኛው እዛ? ኮምቦልቻ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው ወይስ ዐረብ አገር ያለችው እህቷ? አማርኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው።

ጃፓንኛ ቢሆን ጥያቄው አይነሳም። እዚያ «ኮኮ» የተናጋሪው ቦታ ነው፣ «ሶኮ» የአድማጩ፣ «አሶኮ» ከሁለቱም የራቀው። ዕቃ ሲጠቆምም በዚያው ድርድር «ኮኖ»፣ «ሶኖ»፣ «አኖ» ይባላል። «ዶ» ብለህ ስትጀምር ደግሞ ጥያቄ ይሆናል፤ «ዶኮ» የት? እንደ ፊደል ገበታ የተሰለፈ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያስቀናል። እስፓንኛም ሦስት አለው። በእጄ ያለው ሳሙና «ኤስቴ»፣ ባለሱቁ አጠገብ ያለው «ኤሴ»፣ በበሩ በኩል አሻግሮ የሚታየው ተራራ «አኬል»። በምዕራብ አፍሪካ የሚነገረው ሃውሳ ደግሞ አራት አለው፤ አንዱን ለተናጋሪ፣ አንዱን ለአድማጭ ሰጥቶ ከሁለቱም የራቀውን ለሁለት ይከፍለዋል።

አሁን ወደ ዓይኗ ነገር እንመለስ። ቱርክኛም ሦስት ቃላት አሉት፦ «ቡ»፣ «ሹ»፣ «ኦ»። ለረጅም ጊዜ መጻሕፍቱ «ሹ» መካከለኛ ርቀት ነው ሲሉ ኖሩ። በኋላ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ተቀርጸው ሲታዩ ነገሩ ሌላ ሆነ። «ሹ» የሚባለው አድማጩ ነገሩን ገና ሳያየው ነው። ቅርብም ይሁን ሩቅ ግድ የለውም። ዓይኑ አንዴ ካረፈበት በኋላ «ቡ» ወይም «ኦ» ይመጣል፤ ያኔ ርቀት ይገባል። ልጅቷ ቱርክ ብትሆን «ጋሼ፣ ያንን» ያለችው «ሹ» ይሆን ነበር። ባለሱቁ ሳሙናውን ሲነካ ደግሞ «ሹ» ሥራውን ጨርሷል። እኛ ይህንኑ የምንሠራው «ያንን» ከማለት ወደ «እሱን» በመሻገር ነው። ቱርኮች ለብቻው ቃል ሰጡት፣ ይኸው ነው ልዩነቱ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። የአመልካች ቃል ዋና ሥራ ርቀት መለካት ሳይሆን የሰውን ዓይን መጎተት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

እንደ ደሴ ባለ አገር ግን ቅርብና ሩቅ ብቻ አይበቃም። ከተማው በጦሳ ግርጌ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው የተሠራው። ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ይወረዳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ500 ሜትር ያልፋል። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት በአይሱዙ የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈን ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ «ኮምቦልቻ ሄድኩ» ከማለት «ኮምቦልቻ ወረድኩ» ማለት ይቀናናል። ቤት ስንጠቁምም «ያ ላይ ያለው»፣ «ያ ታች ያለው»፣ «እዚያ ማዶ» እንላለን። ሸለቆ ባለበት አገር «ማዶ» ትልቅ ቃል ነው። መሐላችን የሚወረድ ገደል አለ፣ ግን ይታየኛል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ «ላይ»፣ «ታች»፣ «ማዶ» ከ«ያ» ውጭ የተለጠፉ ናቸው። «ያ» ራሱ ዳገት አያውቅም። በምሥራቅ ኔፓል ተራሮች የሚነገሩት የኪራንቲ ቋንቋዎች ግን ከፍታውን ቃሉ ውስጥ ከተውታል። «ያ ከእኔ ሽቅብ ያለው»፣ «ያ ከእኔ ቁልቁል ያለው»፣ «ያ በእኩል ከፍታ ማዶ ያለው» ለሚሉት ሦስቱም የየራሳቸው አመልካች አላቸው። ተራራ አገር ስለሆነ ነው እንዳንል፣ እኛም ተራራ ላይ ነን። መልክዓ ምድር ሐሳቡን ያቀርባል፤ ቋንቋው ሰዋስው ውስጥ ያስገባው አያስገባው ግን የራሱ ታሪክ ነው።

በአላስካ የሚነገረው ዩፒክ ደግሞ ወንዝ ይቆጥራል። 30 ገደማ አመልካቾች አሉት። ነገሩ ወደ ወንዙ መነሻ ነው ወይስ ወደ መፍሰሻው? ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል? አንዱን ቃል ስትመርጥ እነዚህን መልሰሃል። የቦርከና ወንዝ ዳር ሰው ዩፒክ ቢናገር «ያ ሰውዬ» ለማለት ሰውየው በደሴ በኩል ነው ወይስ በኮምቦልቻ በኩል ብሎ አስቀድሞ ያስብ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ጼልታል ነው። በሜክሲኮ ቺያፓስ፣ ቴኔሃፓ በተባለ ቦታ ይነገራል። መሬቱ በጥቅሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዘቀዝቃል። ፔነሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን እንዳጠኑት፣ ሰዎቹ ደቡብን «ሽቅብ»፣ ሰሜንን «ቁልቁል» ይሉታል። ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን! ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ከተቀመጠ አንዱ «ሽቅብ ያለው» ነው። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ቡና የምታፈላ ሴት ረከቦቱ ላይ «ያንን በጦሳ በኩል ያለውን ሲኒ አቀብይኝ፣ በኮምቦልቻ በኩል ያለው ተሰንጥቋል» እንደማለት ነው።

ሰሜን አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ጉጉ ይሚዲር የሚናገሩት ደግሞ ግራ ቀኙን ትተው በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ይሄዳሉ። አንድ አዛውንት ጀልባቸው የተገለበጠበትን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 ለተመራማሪው ጆን ሃቪላንድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ለሌቪንሰን ተርከዋል። ሁለቱም ጊዜ ተቀርጿል። በሁለቱ ቀናት የተቀመጡት ወደተለያየ አቅጣጫ ዞረው ነበር። እጃቸው ግን ጀልባው የተንከባለለበትን እውነተኛ አቅጣጫ ሳይስት በሁለቱም ቀን ጠቆመ። እኔ ባጃጅ ሁለቴ ከታጠፈብኝ ጦሳ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋኛል።

መታየት አለመታየትም አለ። ማላጋሲኛ፣ የማዳጋስካሩ ቋንቋ፣ በሚታይና በማይታይ ነገር መካከል ይለያል። «ኢቲ» የማየው ይህ ነው፣ «ኢዛቲ» የማላየው ይህ። ክረምት ላይ ጉም ጦሳን ሲሸፍነው የደሴ ሰው «ያ ተራራ» እንዳለ ይቀጥላል። የማዳጋስካር ሰው ቢሆን ቃል መቀየር አለበት። ጉሙ ሲገለጥ እንደገና ይቀይራል።

አማርኛ ድሃ ነው ወደሚል እንዳትሄዱብኝ። እኛ ርቀቱን በሁለት ትተን ሌላ ነገር ጭነንበታል። አንዱ ጾታ ነው፤ «ይህ»፣ «ይህች»። «ይቺ» ደግሞ ለሴት ብቻ አትሠራም፤ ማሳነሻም ማቆላመጫም ናት። «ይቺን ቡና ጠጡልኝ» ስትል እናት ቡናው እንስት ሆኖ አይደለም። «ይቺ ናት ጨዋታ!» ሲባልም ተንኮሉ ተነቅቶበታል ማለት ነው። ሌላው አክብሮት ነው። «እኚህ»ና «እኒያ» ርቀትና ማዕረግን በአንድ ቃል ይዘዋል። እንግሊዝኛ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም በአንድ «ዲስ» ያሳልፋል። ደሴ ላይ አባትህን የሚያህሉ ሰው ቆመው ሳለ «ይሄ ሰውዬ» ብትል፣ የተበላሸው ሰዋስውህ አይደለም። አስተዳደግህ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። «በይህ» አንልም፤ «በዚህ» እንላለን። ያቺ «ዝ» ከየት መጣች? የድሮዋ ናት። ግዕዝ «ዝንቱ» ሲል የምትሰማው ያችው ናት። ብቻዋን ስትቆም ጠፍታለች፤ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» ከፊቷ ሲመጡ ግን ብቅ ትላለች።

አመልካቾች ቦታን ለቀው ወደ ጊዜ ሲገቡ ደግሞ ጥሩ ነገር ይሆናል። «ከነገ ወዲያ» እንላለን። «ከትናንት ወዲያ»ም እንላለን። አንዱ ወደፊት ነው፣ አንዱ ወደኋላ፤ «ወዲያ» ግን አንድ ነው። «ወዲያ» ወደፊትም ወደኋላም አይልም፤ ከእኔ ይራቅ ነው የሚለው፤ መነሻው ደግሞ ዛሬ ነው። የቢዩለር «እኔ፣ እዚህ፣ አሁን» እንግዲህ እዚህም አለ። «ወዲህ» በተራዋ ወደ እኔ ትስባለች፤ «ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» ሲባል ጊዜው ከሩቅ ተነስቶ ወደ አሁን ይመጣል።

ከጊዜ አልፎ ወደ ትዝታ የሚገባም አለ። ጓደኛህ መንገድ ላይ ያዝ አድርጎህ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ይልሃል። የተጠቆመ ነገር የለም፤ ሱቅ የለም፣ ተራራ የለም። «ያ» የሚጠቁመው ሁለታችሁም የምታውቁትን ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው አጠገባችሁ ቢኖር ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ «ያ ነገር» የሚባለውም ለዚሁ ሲባል ነው። ጃፓኖች እዚህም ላይ ይለያሉ። ሁለታችን የምናውቀው ከሆነ «አኖ»፣ አንዳችን ብቻ የምናውቀው ከሆነ «ሶኖ» ነው። አንድ ጃፓናዊ ስለማታውቀው ሰው «አኖ» ብሎ ከጀመረልህ፣ ታውቀዋለህ ብሎ ገምቷል ማለት ነው። በአማርኛ «ያ ልጅ እኮ…» ብሎ የሚጀምር ሰውም እንደዚያው ይገምታል። ካላወቅኸው «የቱ ልጅ?» ትለዋለህ፤ እሱም ከመጀመሪያው ሊነግርህ ይገደዳል።